ሰምቼ ያልሰማሁት

ልጄ ሰቆጣ ስምንተኛ ክፍል ስትማር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤታችን ወደ ጋዝጊብላ እየመጣች መጽሐፍ ቅዱስ ታነብልኝ ነበር። አንድ ቀን የነፍስ አባታችን ቤታችን መጥተው ጠላ እየቀመሱ ሳለ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ሐዋርያው ደማስቆ መንገድ ላይ ሲወድቅ አብረውት የነበሩት ሰዎች፣ አንዱ ቦታ ላይ ድምፁን ሰሙ ይላል፤ ሌላው ቦታ ላይ አልሰሙም ይላል። የቱን እንመን?»

ደነገጥሁ። መጽሐፉ ዋሸ ያለች መስሎኝ ቆነጠጥኋት። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ገበያ የሚመጡት ጨው ነጋዴዎች በትግርኛ ሲያወሩ እናትሽ ትሰማለች?»

«ድምፃቸውን ትሰማለች። ወሬያቸውን አትሰማም።»

«በቃ፣ ራስሽ መለስሽው።»

«ቅዳሴውንስ፣ አባ? ግእዙን?»

አባ ጠላቸውን አነሡ። ልጄ ወደ እኔ ዞራ በቤታችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ «እማ፣ አንቺም ደማስቆ መንገድ ላይ ነሽ» አለችኝ። ሳቅሁ። ያኔ ያስቅ ነበር።

ጥቂት ዓመት ቆይታ ለሥራ ዓረብ አገር ሄደች። በየወሩ በገበያ ቀን ሰቆጣ ያለ አንድ ባለ ሱቅ ስልክ ላይ ትደውልልኝ ነበር፤ እኔም ከጠዋት ጀምሬ የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። ከዚያ መደወሏን አቆመች። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ።

በመስከረም ስልኩ ጮኸ። ባለ ሱቁ «ከውጭ ነው፣ እንኪ» ብሎ ሰጠኝ። ልጄ አልነበረችም። አንዲት ሴት ናት፣ በዓረብኛ። ረጋ ብላ ነው የምትናገር፤ አላለቀሰች፣ አልተቆጣች። ሁለት ጊዜ የልጄን ስም ጠራች። እኔም ፈርቼ «እሺ፣ እሺ» አልኋት።

ባለ ሱቁ ሮጦ ጎረቤቱን ጨርቅ ሻጩን አመጣው። ቁርአን የሚቀራ ሰው ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠና መልሶ ሰጠኝ።

«እናቴ፣ እኔ እቀራለሁ እንጂ ወሬውን አልሰማም። አሁንማ ተቋርጧል።»

መልሰው ቢደውሉ የሚያነሣ ጠፋ።

ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ድምፁን በአፌ ደጋገምሁት፣ እንዳይጠፋብኝ። ደሃና ወረዳ ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ አለች አሉኝ። በማግስቱ በእግሬ ሄጄ፣ እንደያዝሁት አድርጌ ነገርኋት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«እማማ፣ ይኸ ዓረብኛ አይደለም።»

በአፌ ሳመላልሰው ኽምጥኛ ሆኖ ኖሯል። የቀረው ስሟ ብቻ ነው።

ለአባ ነገርኋቸው። የጨው ነጋዴዎቹን ነገር አላነሡም፤ «ጸልዪ» አሉኝ። ጸሎቱንስ በየትኛው ቋንቋ ላድርሰው?

ዛሬም ጆንያው ላይ እቀመጣለሁ። ስልኩ ሲጮህ ብድግ እላለሁ። ያቺ ሴት ምን ብላ ጠይቃኝ ይሆን? እዚሁ እንቅበራት ብላኝ ከሆነ፣ እሺ ብያለሁ።