ሳይነገራት የሰማሁት

«አንቺ፣ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ አይደል? በይ የሰማሽውን ዋጪው!» አለችኝ እትዬ አልማዝ፣ ጣቷን አፍንጫዬ ላይ ደቅና።

እናቴ ያኔ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም፣ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበረቻት፤ እትዬ አልማዝም አብራት ትሠራ ነበር። የናይሮቢ ዝናብ በግንቦት አልፎ የሐምሌ ብርድ ሲገባ የሰዉ ሁሉ ጠባይ ተለወጠብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብቅ ይሉ የነበሩት፣ ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የሚሠሩት ሐበሾች በአዘቦት ቀን እየመጡ፣ ጥግ ይዘው ይንሾካሾኩና እናቴ ስትጠጋ ወሬውን ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጡት ነበር፤ የእሷ እንግሊዝኛ ከገበያ አያልፍም። እትዬ አልማዝ ደግሞ የእናቴን ስልክ «ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ» ብላ ወስዳ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሲነዝር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንግሊዝኛ የሚያወራ ሐበሻ እስከ ዛሬ አላምንም።

አንድ ቀን ደንበኛችን ጋሽ መስፍን «ዘ ኦልድ ማን ፓስድ ኦን» አለ። እንግሊዝኛ መምህራችን ከጋዜጣ ላይ የሐዘን ማስታወቂያ ታስነብበን ነበር፤ «ፓስድ ኦን»፣ «ኖ ሞር»፣ «ፕሮሞትድ ቱ ግሎሪ»። በዚያ ገጽ ላይ ሁሉም ሞቷል፣ «ሞተ» የሚል ግን አንድም የለም። ስለዚህ ገባኝ፤ አዲስ አበባ ታመው የተኙት አያቴ ሞተዋል። እትዬ አልማዝን ጓዳ ይዤ ስጠይቃት ነው «ዋጪው» ያለችኝ።

«እሁድ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን እናረዳታለን» አለች ቀጥላ፤ «ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅስ? መርዶ እንዲህ እንደ ወሬ አይነገርም!»

ዓርብ ጠዋት ጋሽ መስፍን ወደ አዲስ አበባ ሊበር ሲል ለመሰናበት መጣ። እናቴ ወፍራም ሹራብና መድኃኒት ይዛ ወጣች።

«ለአባባ ነው፣ በእጁ ስጥልኝ። ብርድ አይችልም።»

«ምን ችግር አለ እህቴ፣ አደርሳለሁ» አለና፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ ሹራቡን ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

እትዬ አልማዝ በዓይኗ ገረመመችኝ።

«እማዬ፣ አትላኪ» አልኩ። «አባባ ሞተዋል። ሁሉም ያውቃሉ።»

እናቴ እኔን አላየችኝም። ጋሽ መስፍንን ነበር የምታየው፤ እሱ አቀረቀረ። ሻንጣውን ራሷ ከፍታ ሹራቡን አወጣችና ታቅፋው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ውጪልኝ አንቺ!» ጮኸች እትዬ አልማዝ።

የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።