የሚሮጡት ፊደላት

በምሠራበት የማስታወቂያ ቤት ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል ስነድፍ ነበር። ከክብና ከቀጥታ መስመር ብቻ የተሠሩ፣ ሁሉም በአንድ ልክ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ የመጪው ዘመን ፊደላት። የ«ጠ» ሦስት እግሮች አብረው ሲያዘነብሉ ሳይ ብቻዬን እስቅ ነበር። መንኮራኩር ላይ ቢጻፉ ያምራሉ። መንኮራኩር ያለው ደንበኛ ግን ጅቡቲ ውስጥ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት እትዬን ነው።

እትዬ የምላቸው አርሂባ በሚባለው ሰፈር ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ተቀጥረው ሲያገለግሉ ኖረው ባልባላ ሰፈር፣ ሚኒባስ የሚቆምበት አጠገብ፣ የራሳቸውን ቁርስ ቤት ሊከፍቱ ነው።

«ያለኝ ሁሉ እዚህች ክፍል ገብቷል» አሉኝ። «ሰው ካልመጣልኝ ተመልሼ ሰው ቤት መግባቴ ነው። ታፔላውን አደራ።»

አደራውን ተቀበልኩና ስማቸውንና «ቁርስ ቤት» የሚለውን በእኔ ፊደል፣ በሰማያዊ ላይ በብርማ፣ አስረዝሜ ለጠፍኩት። ሲያዩት ዝም አሉ። በአድናቆት መስሎኝ!

በተከፈተ ማግስት ፉል ልበላ ስሄድ ሁለት ሴቶች ሻንጣቸውን አጠገባቸው አቁመው ተቀምጠዋል።

«የድሬዳዋው መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አሉኝ።

እትዬ «ተሳስታችኋል» ብለው መመለስ አልሆነላቸውም፤ ሻይ ቀድተውላቸዋል። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ በገመድ የታሰረ ፍራሽ ተሸክሞ መጣና የጭነቱ ሒሳብ በኪሎ መሆኑን ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ፉል ከበላው ትኬት የጠየቀው በለጠ። በዚህ ከተማ ጽሑፉን የሚያዘነብል አውቶብስ፣ የጭነት መኪናና ትኬት ቢሮ ብቻ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ የፊደል ባለሙያዋ እኔ ግን አላስተዋልኩም።

«እትዬ፣ ዘመናዊ ስለሆነ ነው፤ ሰው ይለምደዋል» አልኩ።

«እስኪለምደው ፉሉን ማን ይብላልኝ?»

አፈርኩ። «ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎሽ አየሁሽዋ።» ከዚያ ታፔላውን ቀና ብለው አዩት። «የኔ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደወል በተደወለ ቁጥር ሮጫለሁ። አሁን በገዛ ቤቴ ስሜ ደግሞ ይሩጥ? አቁሚልኝ።»

ከማንም ደንበኛ ሰምቼው የማላውቀው አስተያየት ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አቀናኋቸው፤ ክቡንም ቀጥታውንም አልነካሁም፣ ማዘንበላቸውን ብቻ ወሰድኩባቸው። ያዘነበሉት ዛሬ ሁለት ሚኒባሶች ጎን ላይ ናቸው፤ እዚያ ያምርባቸዋል።

ፊደሎቹን ባቀናሁ ማግስት ጠዋት መሰላል ላይ ወጥቼ አዲሱን ስለጥፍ እትዬ ወንበር አውጥተው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ሹፌር ገባና ከውስጥ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«መጣሁ» አሉት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ስማቸውን አንዴ አዩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ።