ያልተቆረጠው ሸሚዝ

ጎባ ሳለን ነው፤ ሮቤ ሳንወርድ፣ አጋርፋም ሳንገባ። ባለቤቴ የሳነቴን ደጋ ተሻግሮ ከሃረና ጫካ ቡና በበቅሎ ያመጣ ነበር። ያን ክረምት ጫካው ተኩስ የሚሰማበት ሆነና የሄደ ሰው በቀጠሮው አይመለስም ነበር። የሱም ቀጠሮ አለፈ።

ልጄ ገና መራመዷ ነው። አንዲት ቀሚሷን እሳት ዳር ሳደርቃት ተቃጠለችብኝ። የጎባን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ልጅቱን ሳል ያዛት፣ ደረቷ እንደ ወናፍ ያጓራል። ነጠላዬን ብጠቀልልባት ትጥለዋለች። ቤት ውስጥ የቀረው ደህና ልብስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባቷ ካኪ ሸሚዝ ብቻ ነበር።

መቀሱን ሳነሳ አማቴ አዩኝ።

«አንቺ! የመንገደኛ ልብስ ይቆረጣል? ልጄን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?»

«እማማ፣ ልጅቱስ?»

እሳቸው በመጡበት አገር፣ ሰው መንገድ ላይ እያለ ልብሱን መቁረጥ መርዶውን ቀድሞ መንገር ነው። እኔም ብሆን አላምንበትም ማለት አልቻልኩም። ወዲህ የልጅቱ ሳል፣ ወዲያ እሱ፤ መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ።

አስቀመጥኩትና መርፌ አነሳሁ። ሳልቆርጥ ሰፋሁት። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ የታቹን ጠርዝ ደጋግሜ ወደ ላይ መልሼ በረጃጅሙ ወሰወስኩት፣ ጎኑን አጥብቤ ትርፉን ከውስጥ ተውኩት። አንገቱ ግን ከትከሻዋ እየሾለከ አስቸገረኝ። ከኋላ ሰብስቤ ብሰፋው ኮሌታው እንደ ቆብ ጀርባዋ ላይ ቀረ። እጥፋቱ ወፍራም ነውና ሞቃት፤ ሳሉም ረገብ አለላት።

በማግስቱ ጎረቤታችን ከደጅ ጮኸች፤ «ያ ረቢ! በቅሏችሁ ብቻዋን መጣች!»

በቅሎዋ ጭነት የላትም፤ ኮርቻው ሆዷ ስር ዞሯል። አማቴ በቅሎዋን ዞር ብለው አላዩም፤ በቀጥታ ወደ ልጅቱ ሄደው ተንበረከኩና ሸሚዙን ገለበጡት። ስፌት ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ የተቆረጠ ቦታ ፈለጉ። እንዳልቆረጥኩ እያወቅሁ፣ ያገኙ ይሆን ብዬ ጣታቸውን በዓይኔ ተከተልኩ።

«የለም» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው ልጄ አለ።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይዳስሱት ነበር። ልጅቱ ሚስማር ላይ እንዳትቀደው እያልኩ ከኋላ ከኋላዋ ዋልኩ። ክር ሲላላ እንኳ ወዲያው መልሼ እሰፋው ነበር።

አንድ ከሰዓት ባለቤቴ እያነከሰ መጣ። ተኩስ ሲሰማ በቅሎዋ ደንብራ ጥላው፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ ወጥቶታል። ልጅቱ አላወቀችውም፤ ከኋላዬ ተሸሸገች። ኮሌታውን ሲያይ፣

«ሸሚዜን ወለድሽው እንዴ?» አለኝ።

አማቴ፣ «ክሩን ፍቺለትና ይልበሰው» አሉ።

«ይተዉት እማዬ፣ አምሮባታል» አለ እሱ።

እግሩ ሲሽር ደግሞ ወደ ሃረና ሊወርድ በቅሎዋን ጫነ። ገና ከአጥሩ ሳይወጣ አማቴ መቀሱን የገብስ ዱቄቱ ጆንያ ውስጥ ሲቀብሩት አየሁ። እስኪመለስ ድረስ ዱቄት የሚቀዱልኝ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ እጄን እዚያ ጆንያ ውስጥ አላስገባሁም።