ከፋሲካ በኋላ የቆምሁበት ባስኩላ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሳምራዊት መታጠቢያ ቤት ገብታ አልወጣ አለች። በሩን ባንኳኳ፣ "ተይኝ እማማ፣ ሁሉም ተመለሰ" አለችኝ በለቅሶ ድምፅ። ምን እንደ ተመለሰ ወዲያው ገባኝ። ዓመት ሙሉ ደክማ ነው የቀነሰችው፤ ጧት ጧት በሐይቁ ዳር ከዘምባባዎቹ ሥር እየሮጠች፣ ማታ የምጨምርላትን ወጥ በእጇ እየከለከለች። ፋሲካ ካለፈ ሳምንታት ቢሆነው ያቺ የመስታወት ሚዛኗ ጨምረሻል አለቻት።

እኔንም በእሷ ዕድሜ ሚዛን አስለቅሶኛል። የእኔው ግን የኑግ ጆንያ የሚመዘንበት ባስኩላ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከሐሙሲት፣ ከአባቴ ከቄሱ ቤት ወጥቼ ባሕር ዳር መጣሁና ፋሲሎ ሰፈር አክስቴ ዘንድ አርፌ በአንድ ዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ ተቀጠርሁ። ልብሴም ጸጉሬም ኑግ ኑግ ይሸት ነበር። ድቡልቡል ስለ ነበርሁ የፋብሪካው ልጆች "በርሜሏ" ብለው ስም አወጡልኝ። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ሲቋቋም እኔም ልጫወት ብል ሁሉም ሳቁ። ያልሳቀው አሠልጣኙ ጓድ መኮንን ብቻ ነበር። ከሐረር የመጣ፣ በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው ነው።

"መጀመሪያ ቀነስ በይ" አለኝ። "ጉልበትሽ አይችልሽም።"

ቀነስሁ። በጋሪ መሄዱን ትቼ በእግሬ ተመላለስሁ፤ ከሥራ በኋላ ፀሐይ ሐይቁ ላይ እስክታዘቀዝቅ ኳስ ስመታ አመሸሁ። ከሁሉም የከበደኝ የአክስቴን ጉርሻ እምቢ ማለቱ ነበር። "አመመሽ እንዴ? እናትሽ ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው?" እያለች ትነጫነጭብኛለች። እንዲያም ሆኖ ቀነስሁ፤ ቀንሼም ዓመት ያህል ቆየሁ። ቡድኑ ውስጥ ገባሁ። "በርሜሏ" የሚለኝም ጠፋ።

በዚያው ዓመት የሠራተኞች ውድድር በሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ይደረጋል ተባለ። እኔ የዓባይን በረሃ ተሻግሬ አላውቅም። የሁዳዴ ጾም ሊያበቃ ሲል ጓድ መኮንን ሁላችንንም መጋዘን ወስዶ ባስኩላው ላይ እያቆመ መዘነን። የየአንዳንዳችንን ኪሎ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈና፣ "ከዚህ የጨመረች አዲስ አበባን አታያትም" አለ። ባለፈው ውድድር መሸነፋችንን አለቆቹ በእሱ ላይ አድርገውት ስለ ነበር ጨንቆት ነው።

ከዚያ ፋሲካ ገባ። ሃምሳው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ዶሮው፣ አይቡ፣ እርጎው ይከታተላል፤ ዘመድ በጠራ ቁጥር እምቢ ቢሉት ይቀየማል። የግንቦት ሙቀት ደግሞ ሰውን ከጥላ አያስወጣም። እኔ ከኳሱም ከእግር መንገዱም አልቀረሁም፤ ቀሚሴ ግን ወገቤ ላይ ጠበቅ አለ።

አንድ ቀን ጓድ መኮንን ከቡድኑ መካከል እኔን ብቻ ጠርቶ ባስኩላው ላይ አቆመኝ። የብረቱን ዘንግ አየና ግድግዳውን አየ።

"ወደ ድሮሽ እየተመለስሽ ነው፣ ጥሩወርቅ። አዝናለሁ፤ በአንቺ ቦታ ሌላ ልጅ እወስዳለሁ።"

እንባዬ መጣ። ነገር ግን ከእንባዬ ቀድሞ አፌ መጣ። "ሌሎቹንስ መዘኑ?"

"እነሱን ምን አስመዘነኝ? ቀጫጭን ናቸው፤ በዓይን ይታያል።"

"እንግዲያው እኔንም በዓይን ይዩኝ! በሩ ላይ በቀይ ቀለም 'እኩልነት' ተብሎ የተጻፈው ለኑጉ ነው?"

ሳይወድ ፈገግ አለና ሁሉንም አስጠራቸው። አንድ በአንድ ወጡ። አንዲት እንኳ ሳትቀር ሁሉም ጨምረዋል። ከሁሉም የባሰባት ዘነቡ ናት፤ እንደ ሸምበቆ ቀጭን፣ ኳስ በመምታት የሚያህላት የሌለ። ጓድ መኮንን ጠመኔውን በጣቶቹ እያሻሸ፣ "ሕግ ሕግ ነው። ሁላችሁንም ማስቀረት ስለማልችል ከሁሉም የጨመረችው ዘነቡ ትቀራለች" አለ።

ዘነቡ ዞራ አየችኝ። "ደስ አለሽ?" አለችኝ ቀስ ብላ። እንደዚያ ቃል ያመመኝ የለም።

የጨመርንበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን በዚያ ዘመን በፋብሪካው ቅጥር ውስጥ ስለ ጾም ማውራት አይወደድም ነበር፤ ካድሬው ደግሞ ያን ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። ልጆቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ግን አላስቻለኝም።

"እሷን አስቀርተው እኔን ይውሰዱ አላልሁም!" አልሁ። "የዚያን ጊዜ የመዘኑን ሁዳዴውን በሽሮና በጎመን ከርመን ነው። የዛሬው የቅቤ ወር ነው። የፍስኩን ኪሎ በጾሙ ኪሎ መመዘን ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የሰኔ ጾም ይግባና ያኔ ይመዝኑን። እርስዎስ ቢሆኑ አልጨመሩም?"

ጓድ መኮንን ወደ በሩ አየ፤ ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገና ሄደ። ያኔ ጓድ መኮንን ቀበቶውን ዳሰስ አደረገ። ሚስቱ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ በሁዳዴ ቤቷ ውስጥ ለማንም ሥጋ አትሠራም።

"እኔም አንድ ቀዳዳ ለቅቄያለሁ" አለ።

ዘነቡ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም። ጓድ መኮንን በኮቱ እጅጌ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፈውን ጠረገው።

ዝናቡ ጀመረ፤ የሰኔ ጾምም ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ስንመዘን የሁላችንም ኪሎ ወርዷል። እርግጥ የሁዳዴው ድረስ አልወረደም፤ እሱም አልጠየቀንም። ዘነቡና እኔ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የዓባይን በረሃ ተሻገርን። አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፍን። ስንመለስም ጎን ለጎን ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ሰውነቴን ዓመት በዓመት ሳየው ኖርሁ። በሁዳዴ ይጎድላል፣ በሃምሳው ይሞላል፤ በፍልሰታ ይጎድላል፣ የበቆሎ እሸት ሲደርስ ይሞላል። ሐይቁም ክረምትና በጋ እንዲሁ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ከተማው ሊሰጥም ነው ብሎ የሚያለቅስ የለም። በርሜሏ ግን ተመልሳ አልመጣችም።

ይህን ሁሉ በበሩ ቀዳዳ ነገርኋት። በሩ ሲከፈትልኝ ገባሁና ሚዛኗን ይዤ ወጣሁ፤ አልጋዬ ሥር ከተትኋት።

"እስከ ሰኔ ጾም አትወጣም" አልኋት።

"ያኔም ባይወርድስ፣ እማማ?"

"ያኔ እውነት የጨመረውን አብረን እናየዋለን። አሁን ግን ፍርዱ ልክ አይደለም።"

አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች። ማታ ወጥ ልጨምርላት ስል በእጇ ከለከለችኝ። እኔም እንደ አክስቴ አልነዘነዝኋትም፤ ጭልፋውን መለስሁ።