የቀን መቁጠሪያው ሽፋን

ጎረቤቴ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ጭጋግ» ይለዋል። መጸው ገብቶ ሐይቁ በጉም ሲሸፈን፣ በማግስቱ ጠዋት ይገለጥ እንደሆነ በዋዜማው የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሲናገር ስቶ አያውቅም። እኔ አንድ ቀን አልሰማም ብዬው ወጥቼ፣ የገዛ እጄን ሳላይ ዋልኩ።

ታናሽ ወንድሙ ፎቶ አንሺ ነው። በየዓመቱ ቅጠሉ ወይቦ ዳገቱ ቢጫና ቀይ ሲለብስ፣ ጋሽ ጭጋግ በጀልባው አሳፍሮ ሐይቁ መሀል ያቆምለታል። የከተማችን ማተሚያ ቤት ከሚመጡለት ፎቶዎች አንዱን በየዓመቱ ለሚያወጣው የቀን መቁጠሪያ ሽፋን ይመርጣል። ስድስት ዓመት በተከታታይ የተመረጠው የታናሽየው ነው። ስሙም ከሥሩ ይጻፋል። የቀዛፊው ስም የትም የለም።

ይኼ ነገር ጋሽ ጭጋግን አንገበገበው። ዳቦ ቤት ሲገባ የወንድሙ ስም ግድግዳው ላይ ነው፤ ጸጉር ቤት ሲቀመጥ ከመስታወቱ አጠገብ፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከገዛ አልጋው ራስጌ። ሚስቱን «አውርጂልኝ ይኼን» አላት።

«ምን አደረገህ?» አለችው። ቀናሁ አይል ነገር። ለነገሩ እኔም ብሆን እቀና ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ባለፈው መጸው አሮጌ ካሜራ ገዛና ከጀልባው መቀመጫ ሥር ደበቀ። በዚያ ዓመት ሽፋኑ የእሱ ካልሆነ ሞቶ መገኘትን መርጦ ነበር። ታናሽየው እንደ ልማዱ ፎቶ በሚያነሡበት ቀን ዋዜማ መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ ይገለጣል?»

«አይገለጥም። አርፈህ ተኛ።»

በጭጋግ ነገር ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር።

ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወጣ። ጭጋጉ እሱ እንዳወቀው ቀስ እያለ ተነሣ። ተራሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ሸለቆው እስከ ጥጉ ታየ፤ የወየበው ቅጠል ሁሉ ውሃው ላይ ተገልብጦ ቆመ። መቅዘፊያውን አስቀምጦ ካሜራውን አነሣ። ጀልባዋ ዞረች። ቀዝፎ አስተካከላትና ካሜራውን ሲያነሣ እንደገና ዞረች። ተነሥቶ ቢቆም ጭራሽ ባሰባት፤ ውሃው ተናወጠና ያ ሁሉ ተራራ ተሰባበረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የያዘው የራሱ ክንድ ነበር። ያነሣው ፎቶ ሁሉ ተበላሸ።

ታናሽየው ግን አልተኛም። የወንድሙን ቃል አምኖ፣ ሐይቁ ከተዘጋ ጉሙን ከላይ ላንሣው ብሎ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነበር።

አዲሱ የቀን መቁጠሪያ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ተራራው፣ ሸለቆው፣ የወየበው ጫካ አለ። ሐይቁ መሀል አንዲት ጀልባ፣ ጀልባዋ ላይ የቆመ ሰው። ሰውየው ካሜራ ዓይኑ ላይ ደግኗል። ከሥሩ የታናሽየው ስም ተጽፏል።

ዳቦ ቤቱም ጸጉር ቤቱም ሰቀሉት። ያገኘው ሁሉ «ጋሽ ጭጋግ፣ አምሮብሃል» ይለዋል። እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ለቤቱ የሚሆነውን ታናሽየው ራሱ አመጣለት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ቁጭ አለ። ጋሽ ጭጋግ ስድቡን ጠበቀ፤ ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

«ወንድም ጋሼ» አለው፣ «ካሜራ መግዛትህን ብትነግረኝ፣ እኔ እቀዝፍልህ አልነበር?»