የዘበኛው ቁልፍ

ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ተሳፍሬ ለጓደኛዬ ደወልኩና «ዘበኛውን መርዤ ገደልኩት፤ ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ የለም» አልኩት። የማወራው ስለ አንድ የድሮ የኮምፒውተር ጌም ነበር። በማውስ እየነካኩ ዕቃ የሚፈልጉበት፣ ዝነኞቹ ጌሞች ስለጋረዱት ማንም የማያውቀው ጌም ነው።

ስልኩን ስዘጋ ታክሲው ጸጥ ብሏል። አጠገቤ ያሉት እናት ቦርሳቸውን አቅፈው ሸሹኝ። ረዳቱ ለሾፌሩ አንሾካሾከለት፤ ፖሊስ አጠገብ ስንደርስ ሾፌሩ አቁሞ የሰሙትን ነገረው።

«ማንን ነው የገደልከው?» አለኝ ፖሊሱ፣ አስወርዶኝ።

«ጌም ነው... ማለቴ፣ ዘበኛው የእውነት ሰው አይደለም።»

«የምን ጌም? ስሙን ተናገር!»

ነገርኩት። ትክ ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምን አስገደለህ? ወይን ብትጋብዘው እኮ ቁልፉን ራሱ ይሰጥህ ነበር።»