ላቡ ሳይደርቅ

አባቴ በሕይወቱ ሁለት ነገር ይፈራ ነበር፦ እግዚአብሔርንና ክፍት የታክሲ መስኮት። ከለቡ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ሰው በሙቀት ሲቀቀል እሱ «ዝጉት እንጂ፣ ብርድ ይመታናል!» ይላል። እኔ ሮጬ ስገባ ደግሞ በር ላይ ያስቆመኛል። «ላብሽ ሳይደርቅ ምንም እንዳትነኪ።» ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ብርድ ሰው እንደማይመታ በሳይንስ አስረዳሁት። አዳመጠኝና መስኮቱን ዘጋ።

አምና ሞተ። እህቴን ሲድር የመረቀው ምርቃት በቪዲዮ የቀረው አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነበር። «ኮምፒውተር የማውቀው እኔ ነኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብዬ የወሰድኩትም እኔው ነኝ። ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረና አልከፈት አለ። እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፁን እንድትሰማ።

ሀይሌ ጋርመንት ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዲስኩን እንደ ሐኪም ጆሮው ላይ አደረገው።

«እህቴ፣ የቀረሽ በፌስታል ቋጥሮ ፍሪዘር ማስገባት ነው። ሲቀዘቅዝ የተጣበቀው ሊላቀቅ ይችላል፣ ላይላቀቅም ይችላል። ግን አደራ፣ ስታወጪው ፌስታሉን ቶሎ እንዳትፈቺ። ግማሽ ቀን ይቀመጥ። ቅዝቃዜው አይደለም የሚገድለው፣ ላቡ ነው።»

እማዬ ቅቤውን ገፋ አድርጋ ከበርበሬው አጠገብ ቦታ ሰጠችው።

«ብርድ አይመታውም?» አለችኝ።

ሳቅኩባት።

በማግስቱ ጠዋት አወጣሁት። እማዬ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ሰው ነጠላዋን አጣፍታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። እሷን እንዲያ እያየሁ ግማሽ ቀን መጠበቅ አቃተኝ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ፌስታሉን ፈታሁት። ብረቱ ላይ ጤዛ ወጣ፤ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩትና ሰካሁት።

ዲስኩ ተነሣ! ሠርጉ መጣ። አባዬ ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፉን ከፈተ። ስክሪኑ ቀጥ አለ፤ ዲስኩም ጭጭ አለ።

ጠጋኙ ፈታታውና ውስጡ የቀረውን እርጥበት በጣቱ አሳየኝ። «ላቡ ሳይደርቅ አስነሳሽው» አለኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ያለኝን ለእማዬ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «አባትሽ ስንት ዓመት ሙሉ ነገረሽ» ብቻ አለችኝ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ከፉሪ የመጡ ዘመዶች ምርቃቱን አሰሙን አሉ። እማዬ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷ ትነግራችኋለች።»

ተነሣሁ። ከምርቃቱ አንድ ቃል አላስታውስም። እንደሱ ጉሮሮዬን ጠረግኩና «መስኮቱን ዝጉት እንጂ፣ ብርድ ይመታናል» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። እማዬ ተነሥታ ዘጋችው።